ለደባርቅ ሯጭ የቱ ይሻላል፦ ክለብ ወይስ የአሜሪካ ኮሌጅ?

በደባርቅና በዳባት፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በሩጫ የሚበረታ ተማሪ ቶሎ የሚያስበው ክለብ መግባትን ነው። አሁን አሁን ግን የአሜሪካ ኮሌጅም በወጣቶች ወሬ ውስጥ ገብቷል። አንዱን መምረጥ ሌላውን ሊያስቀር ስለሚችል፣ ሁለቱን አስቀድሞ ማመዛዘን ይበጃል።

ኮሌጁን የሚደግፉ ሰዎች ማስረጃ አያጡም። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እየተማረ እ.ኤ.አ. በ1978 አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል። ኤርትራዊው ሀብቶም ሳሙኤል ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2024 የ10,000 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። የኮሌጅ አሠልጣኞች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ሰዓት ነው። በታወቀ ውድድር የተመዘገበ ውጤት ያለው ልጅ በኢሜይል ራሱ ሊጽፍላቸው ይችላል፤ ደላላ አያሻውም። ጉዳት ሩጫውን ቢያቋርጥበት እንኳ ዲግሪው አብሮት ይኖራል።

የክለቡ ደጋፊዎች መከራከሪያም ቀላል አይደለም። ኃይሌ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የአሜሪካ ኮሌጅ ሳይገቡ ዓለምን አሸንፈዋል። ክለብ ደመወዝ ይከፍላል፤ ወላጆቹን የሚረዳ ልጅ ደግሞ ዲግሪ እስኪይዝ አራት ዓመት መታገሥ ይከብደዋል። ኮሌጅ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ሁልጊዜ ሙሉ አይሆንም፣ የተማሪ ቪዛም ሥራን ይገድባል። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥና የመም ውድድሮች በአንድ ዓመት ስለሚደራረቡ ወጣት እግር ይደክማል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ትምህርቱ ነው። በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ምድብ ለመወዳደር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 16 ዋና ዋና ትምህርቶችና ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠየቃል፤ እንግሊዝኛም ይፈተናል። በአገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአማራ ክልል ደግሞ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ክፍሉ የተዘጋበትን ልጅ «ሰነፍ» ማለት ግፍ ነው።

ከክለብ ጋር የሚፈረም የደመወዝ ውልም ለኮሌጅ ውድድር የሚጠየቀውን አማተርነት ሊያሳጣ ይችላል። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ዓመታት በውድድር የቆየ ሰው ለኮሌጅ የሚሮጥባቸው ዓመታት ሊቀነሱበት ይችላሉ። በፓስፖርቱና በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው የልደት ቀን ካልተመሳሰለም ጉዳዩ ይጓተታል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ዛሬ ገቢ ማምጣት ላለበት ልጅ ክለብ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ትንሽ መታገሥ የሚችል ግን 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ የደመወዝ ውል ባይፈርም ይሻለዋል። ርእሳነ መምህራን የአራቱን ዓመት ውጤት ማኅተም ባለው የእንግሊዝኛ ትራንስክሪፕት አዘጋጁለት፤ የክለብ አሠልጣኞች ከማስፈረማችሁ በፊት ውሉ የሚያስቀርበትን ንገሩት። ወላጆችም «ኮሌጅ አስገባላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አትክፈሉ።