«እርሻው አለለት» ላሉት ሰውዬ

ሰሞኑን ሞጣ ላይ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆች ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። አንዲት እናት ተነሥተው ልጃቸው የልብ በሩ ተጎድቶ፣ ጉልበቱን እየቆረጠመው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው፣ በየወሩም ለመርፌ እየተመላለሰ ቀሪው እንደበዛበት ተናገሩ። ከመድረክ የነበሩት ሰውዬ ታዲያ፣ «ትምህርቱ ከከበደው ምን ይደረጋል እናቴ፣ እርሻው አለለት» አሏቸው። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳም ታለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ልብ በሉልኝ! ደረጃ መውጣት ያቃተውን ልጅ ነው ሰውዬው በሬ ተከትለህ ዋል የሚሉት። ቢሮ ከገቡ ወዲህ ረስተውት ይሆን? የጤፍ ማሳ እኮ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ገበሬው ከጎህ ጀምሮ በአንድ እጁ ዕርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ፣ እግሩን ከዋልካ ጭቃ እየነቀለ ይውላል። ከዚያ አረሙ አለ፣ አጨዳው አለ፣ ውቂያው አለ፣ ሸክሙ አለ። ጤነኛው ጎረምሳ እንኳ ማታ እንደ ግንድ የሚጋደምበት ሥራ ነው። የልብ በሩ የተጎዳ ልጅ ይህን ይቻለዋል ብሎ የሚያምን ሰው ወይ እርሻ አያውቅም፣ ወይ ልብ አያውቅም። እኔ ሁለቱንም አያውቁም ባይ ነኝ።

«ልጅ ደግሞ ምን ቁርጥማት ያውቃል?» የሚለው ፈሊጥም የእኒሁ ሰዎች ነው። ሪህ የሽማግሌ ነው፣ ልጅን የሚያመው ስንፍና ነው ይሉናል። ሐኪሞች ሩማቲክ ትኩሳት የሚሉት ይህ በሽታ የሚጀምረው ግን ሁላችንም ከምንንቀው የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጁ ቶንሲል ይታመማል፤ ወይ በቤት ይታሻል፣ ወይ እንጥሉ ይቆረጣል፣ ወይ ዝም ይባላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣና ጉልበቱ ያብጣል። ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርንና ወደ አንጓ ይዘዋወራል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች አብዝቶ ያጠቃል። ትናንት ያነክስ የነበረው ልጅ ዛሬ ሲሮጥ የታየ እንደሆነ መምህሩ «አስመሳይ!» ይለዋል። እብጠቱ ጠባሳ ሳይተው ይሄዳል፤ ልብ ላይ ያረፈው ግን ይቀራል። ትኩሳቱ በተመለሰ ቁጥርም የልብ በሮች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ከዚህ የባሰም አለ። ይኸው በሽታ አንዳንዱን ልጅ ከወራት በኋላ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ፊቱን ያኮማትረዋል። በመስከረም ደብተሩ ላይ ፊደሉ እንደ ጽድ ተደርድሮ የነበረ ልጅ በታኅሣሥ መስመር መጠበቅ ያቅተዋል፤ እስክሪብቶው ከጣቱ ይወድቃል፤ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰዋል። መምህሩ «ጽሕፈትህ ምን ነካው?» ብሎ ያንበረክከዋል። ሰፈሩ ልክፍት ነው ይላል። ጸበሉን ይውሰዱት፣ የሚቃወም የለም፤ ግን ሐኪም ቤቱን ማን ከለከለ? የታመመ ልጅ በጽሕፈቱ ሲቀጣ ሳይ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው እላለሁ። የጉሮሮ ሕመሙን ሳይታከም ያሳለፍነው እኛ፣ የሚንበረከከው እሱ!

መድኃኒቱ ደግሞ ሰማይ ላይ የተሰቀለ አይደለም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል የቆየ መርፌ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል፤ ልቡ ለተነካ ልጅ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ያማል፣ ግን ትኩሳቱ እንዳይመለስ ያደርጋል። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ ሞጣ ገብቶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ተወግቶ የሚመለስ ልጅ ያንን ቀን ትምህርት ቤት አይገኝም። ስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ይጻፍበታል። ቀሪው ሲበዛ ወላጅ ይጠራል፣ ፈተና ያልፈዋል፣ ክፍል ይደግማል። መርፌውን ካቋረጠ ልቡ ይጎዳል፣ ካላቋረጠ ትምህርቱ ይጎዳል። ይህን ምርጫ ለአሥር ዓመት ልጅ ሰጥተን ነው እንግዲህ «እርሻው አለለት» የምንለው።

አፍሪካውያን ባለሙያዎች ይህን በሽታ ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. መግለጫ ያወጡት አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የዋና ከተማችንን ስም ይዟል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ጉዳይ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ጎበዝ ጉባኤ ነበር። ሞጣ ስም መጥሪያው ላይ ግን አልደረሰም። የልብ በሩ ፈጽሞ የተበላሸ ልጅ የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ በደከሙበት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል፤ ወረፋው ግን የሺዎች ነው። ለገበሬ ልጅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሰውዬው ቢያስቡት ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ይገባቸው ነበር። ቀለም መቁጠር ለሌላው ልጅ ከብዙ እንጀራ አንዱ ነው፤ ቢወድቅ ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ልቡ ለተጎዳው ልጅ ግን ተቀምጦ የሚሠራበት ሥራ ብቸኛ እንጀራው ነው። የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ፋርማሲ ይቆማል፣ በኮምፒውተር ይጽፋል፣ ያስተምራል። ወደዚያ የሚያደርሰው ደግሞ ያው «ከበደው» የተባለው ትምህርት ነው። ሴቷማ ትብሳለች። ከትምህርት ስትወጣ ትዳራለች፣ ታረግዛለች፤ የልብ በሩ ለጠበበባት ልጅ እርግዝና ነፍስ የሚያስከፍል ሸክም ነው። እሷንስ ምን ይሏት ይሆን ጌታዬ? «ባሏ አለላት»?

«ደንብ ደንብ ነው፤ ለአንዱ ከላላ ሁሉም ታመምኩ ይላል» የሚሉ አሉ። በየወሩ ጡንቻው ውስጥ ፔኒሲሊን እንዲወጋ የሚለምን አስመሳይ ካገኛችሁ እባካችሁ አሳዩኝ። ደንቡ ለሰበበኛ የተሠራ ከሆነ የቀጠሮ ካርድ ለያዘ ልጅ አይሠራም፤ ይኸው ነው።

እናም የሞጣና የቢቸና ርዕሳነ መምህራን፣ በጀት የማይጠይቅ ነገር ልለምናችሁ። የመርፌ ቀኑን ቀሪ አትቁጠሩበት፤ ያለፈውን ፈተና በሌላ ቀን ፈትኑት፤ የስፖርት መምህሩ ሩጥ አይበለው፤ ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ምድር አውርዱት። ያበጠ ጉልበት ወይም የሚንቀጠቀጥ እጅ ስታዩም አለንጋውን ትታችሁ ወደ ሐኪም ላኩት። እርሻው እንዳለለት የተናገሩት ሰውዬ ደግሞ በመጪው ክረምት አንድ ጥማድ መሬት አርሰው ይመለሱና እንደገና ይናገሩ።