የገንዲ ጅራትና ጥቃቅን ተሸካሚዎቹ

አንዳንድ ጓደኞቼ በሴል ውስጥ ዕቃ ስለሚያጓጕዙ ፕሮቲኖች ስንማር «ይህ ለአሶሳ ልጅ ምን ይረባዋል? ለፈተና ካወቅነው ይበቃል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። እንዲያውም ይህን ትምህርት ከማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ቆላ የሚኖርና በሬ ያለው ሰው ነው እላለሁ።

የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ በክልላችን ከብት እንደሚፈጅ ለወላጆቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሬው ይከሳል፥ ደሙ ያንሳል፤ ገበሬውም ጥማዱን ሲያጣ ወደ መቆፈሪያው ይመለሳል። የበሽታው ምክንያት ትሪፓኖሶማ የሚባል ባለ አንድ ሴል ተሐዋሲ ነው። በደም ውስጥ እንደ ዓሣ እየተወራጨ የሚዋኘው ፍላጀለም በተባለ ጅራት መሰል ክር ነው። ይህ ክርና በመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ አቧራ የሚጠርገው ሲሊያ በአሠራራቸው ዘመዳሞች ናቸው።

ድንቁ ነገር እንዲህ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው በሴሉ ገላ እንጂ በክሩ ውስጥ አይደለም፤ ክሩ ግን የሚያድገው ከጫፉ በኩል ነው። ስለዚህ የግንባታው ዕቃ ሁሉ ተጭኖ ወደ ጫፍ መሄድ አለበት። ጭነቱን ወደ ጫፍ የሚወስደው ኪኔሲን-2፥ ወደ ሥር የሚመልሰው ዳይኒን-2 ይባላል። ኪኔሲን እግር የመሰሉ ሁለት ራሶች አሉት፤ ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የሴል ስንቅ እየተጠቀመ፥ ባንዱ ቆሞ ሌላውን እያነሣ፥ ማይክሮቱቡል በሚባል ሐዲድ ላይ ይራመዳል። እርምጃው 8 ናኖሜትር ያህል ነው። ይህ ጕዞ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. በዬል ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ጆኤል ሮዘንባውም ላቦራቶሪ፥ ክላሚዶሞናስ በሚባል አልጌ ላይ ነው። ሄያጁና ተመላሹ ለምን እንደማይጋጩ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በዚያው አልጌ ላይ ታወቀ፤ ሐዲዱ ጥንድ ጥንድ ነውና ከጥንዱ አንዱ ለመሄጃ፥ ሌላው ለመመለሻ ነው። (የከተማችን ባጃጆች ይህን ሥርዓት ቢማሩት መልካም ነበር።)

በ2003 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በትሪፓኖሶማ ውስጥ ይህን ማጓጓዣ ቢያቋርጡት አዲሱ ክር ሳይበቅል ቀረ፥ ሴሉም ቅርጹን አጣ። «እንግዲያው ሞተሩን የሚያቆም መድኃኒት ይሠራልን» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። የዚሁ ሞተር ዘመድ በበሬውም በኛም ዓይንና ኵላሊት ውስጥ ይሠራል፤ ተሐዋሲውን የሚያቆም መርዝ በሬውንም ሊያውር ይችላል። የነሱን ሞተር ከኛው የሚለየው ምን እንደ ሆነ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው ከኛ ክፍል የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ዛሬ በእጃችን ያሉት ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም ከ60 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። በመተከል መድኃኒት የማይበግረው ተሐዋሲ መገኘቱም በ2000 ዓ.ም. በጥናት ታትሟል። አባቶቻችን ይቅር ይበሉኝና፥ ላንድ በሬ የሚበቃውን መድኃኒት ለሁለት አካፍሎ መውጋት ደካማውን ተሐዋሲ ገድሎ ብርቱውን ለዘር ማስቀረት ነው። የመድኃኒት ዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሁለተኛውን በሬ ማጣት ግን ከዚያ ይብሳል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው፥ በሚመጣው ዓመት ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ አልጌ ሳይሆን ከገንዲ እንዲጀመር ነው። በከተማችን የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በዚያ ሥራ ደሙ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ተሞልቶ በመሣሪያ ይሽከረከራል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሐዋሲው ሕያው እንደ ሆነ ሲወራጭ ይገኛል። ባንድ ቅዳሜ ሄደን ለማየት የሚፈልጉትን የክፍላችን ተማሪዎች ጠይቄ ስማቸውን ጽፌአለሁ፤ ዝርዝሩንም ለባዮሎጂ ክበብ አስረክቤአለሁ።