የሆድ ሽፋን ምርመራ ለሩቅ ከተሞች

በሆድ በኩል በሚሰጥ የኩላሊት እጥበት ማጣሪያው ማሽን ሳይሆን የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ገለፈት ነው። የገለፈቱ አቅም ከሰው ሰው ይለያያል። ልዩነቱን የሚያሳየው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1987 በተመራማሪው ትዋርዶቭስኪና ባልደረቦቹ ይፋ ሆነ። 2.5 በመቶ ስኳር ያለው 2 ሊትር ፈሳሽ ሆድ ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በየመሐሉ ከፈሳሹና ከደም ናሙና ይወሰዳል። በመጨረሻ የፈሳሹ ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) መጠን ለደሙ ሲካፈል ከ0.81 ከበለጠ ገለፈቱ ፈጣን፣ ከ0.5 ካነሰ ዘገምተኛ ነው። ፈጣን ገለፈት ውሃ የሚስበውን ስኳርም ቶሎ ወደ ደም ስለሚያሳልፍ ፈሳሹ ውሃ መሳቡን ያቆማል፤ ሕመምተኛው ያብጣል። መፍትሔው ፈሳሹን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ለዘገምተኛው ረጅም ቆይታ ይሻላል። ምርመራው እጥበት ከተጀመረ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል። የፈሳሹ ስኳር የክሬቲኒን ንባብን ሊያዛባ ስለሚችል ላቦራቶሪው ማረም ይኖርበታል።

በአገራችን እጥበት ሲባል በአብዛኛው በማሽን የሚደረገው ነው፤ በተለምዶ በሳምንት 3 ጊዜ ማሽኑ ዘንድ መገኘትን ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ለሚርቁት ለነገሌ ቦረና፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ሕመምተኞች ይህ ኑሮን ነቅሎ መሰደድ ማለት ነው። የሆድ እጥበት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ግን በቀን 4 ጊዜ 2 ሊትር ሲቀየር በወር 240 ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ በዚያው ረጅም መንገድ መድረስ አለበት። የጤና ሚኒስቴር የፈሳሹን አቅርቦትና ይህን ምርመራ አጣምሮ ለእነዚህ ከተሞች ሆስፒታሎች ሊያቅድ ይገባል።