የማንን ልብ ነው የምትለኩት?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው። የኔ ግን አጥሩ ቀርቶ ልቤ ተነቀነቀ። ስለ እጅ ሰዓትና ስለ መሮጫ ማሽን ልጽፍ ነው ስል፣ «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ወሬ ነው? ሰው ዘይት አጥቶ…» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጎበዝ፣ ትንሽ ታገሱኝ! የነገሩ መጨረሻ ከዘይቱም ከመሬቱም ይገናኛል።

ሐኪሜ ደም ግፊቴን ለክቶ፣ «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ የልብ ምትዎ ግን በደቂቃ ከ130 እንዳያልፍ» አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን የት ልራመድ? ቡራዩ ነው የምኖረው። የአምቦ መንገድ ዳር ብወጣ ሲኖትራኩ ከነአሸዋው ይጠርገኛል። ወደ ውስጥ ብገባ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። ንጋት ላይ ልውጣ ብል ውሻው መንጋ ነው። ድሮ ኳስ የተጫወትንበት ሜዳ ዛሬ ቆርቆሮ ታጥሮ «መግባት ክልክል ነው» ይላል። ለማን እንደታጠረ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ ምርጫ አጣሁና ጂም ገባሁ። የጂሙን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ ሁሉም ያው ነው። ወንድሜ ከውጭ የላከልኝን የስፖርት ሰዓት አስሬ መሮጫ ማሽኑ ላይ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓቱ በጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ፣ ደም ሲመጣና ሲሄድ የሚለዋወጠውን ነጸብራቅ አይቶ የልብ ምት ይቆጥራል። የቆጠረውን በብሉቱዝ ያሰራጫል። ማሽኑም ተቀብሎ ሰሌዳው ላይ ያሳያል። ማሽኑ በልብ ምት የሚመራ ፕሮግራምም አለው። 120 ብለህ ታዘዋለህ፤ ምትህ ሲወርድ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ምትህ ሲወጣ ይቀንሳል። ለኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

120 ብዬ አዘዝኩት። ጀመረ። ሰሌዳው 92 ይላል። ማሽኑ «ይሄ ሰውዬ ገና አልደከመም» ብሎ ፍጥነቱን ጨመረ። ላቤ ይንጠባጠባል፣ እሱ 94 ይላል፣ ይጨምራል። እጄን አየሁ፤ ሰዓቴ 141! ሰሌዳውን አየሁ፤ 93! እንደገና ጨመረ። ቀዩን የማቆሚያ ገመድ ባልስበው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው «የሐዘን መግለጫ» ብሎ ይጽፍላችሁ ነበር።

ለካስ ማሽኑ የያዘው የኔን ልብ አይደለም! ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ የሚያፍታታ አንድ ጎረምሳ ነበር። እሱም ሰዓት አስሯል፣ የሱም ሰዓት ያሰራጫል። ማሽኑ የሱን የተረጋጋ ልብ እያነበበ እኔን ያስሮጠኛል። አሠልጣኙን ጠራሁት። ልጁ ምንም ሳይደነግጥ «ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚይዘው» አለኝ።

መጀመሪያ ያገኘውን! ወገኖቼ፣ ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ብሉቱዝ ስሙን ያገኘው በ10ኛው መቶ ዓመት ከነበረ ሃራልድ ከሚባል የዴንማርክ ንጉሥ ነው። ሰውየው የተለያዩትን ባንድ አሰባሰበ ይባላልና ዕቃዎችን የሚያገናኘው ዘዴ በቅጽል ስሙ ተጠራ። የብሉቱዝን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመሮጫ ማሽን፣ ለቤት ውስጥ ብስክሌትና ለመቅዘፊያው የጋራ ቋንቋ አወጣ፤ ኤፍ ቲ ኤም ኤስ ይሉታል። ይህን ቋንቋ የሚናገር ማሽን ፍጥነቱን፣ የሄድክበትን ርቀትና የዳገቱን መጠን ይህንኑ ቋንቋ ለሚያውቅ ሰዓት ወይም ስልክ ይነግራል። ቋንቋው ለሁሉም ክፍት ነው፣ የማንም ርስት አይደለም።

ታዲያ እኛ አገር የሚገባው ማሽን ምን ይመስላል? «ብሉቱዝ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ስትጠጋው ብሉቱዙ ዘፈን ማጫወቻ ብቻ ይሆናል፤ ወይም ከፋብሪካው ከራሱ ፕሮግራም በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። አስመጪው አይጠይቅም፣ ጂም ከፋቹ አይጠይቅም። መንግሥት ቀረጡን ሲቀበል ዋጋውን ይተምናል እንጂ «ይሄ ዕቃ ከሰው ጋር ይነጋገራል ወይ?» አይልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ተለቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ ያ ደንቆሮ ማሽን የስንት ሰው ደመወዝ እንደሚበላ አስሉት። በውድ ገዝተን ዲዳ አመጣን ማለት ነው።

«ይሄ ቅንጦት ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ብሉቱዝ ነበረው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቶ ዓለምን አስደመመ። ግን አበበ መሬት ነበረው! የሚሮጥበት ሜዳና ዳገት ነበረው። እኔ መሬቱን ስጡኝ፤ ሰዓቱን ነገ መርካቶ እሸጠዋለሁ።

እስቲ ሱሉልታን እንይ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራባት፣ ሞ ፋራህን የመሰለ ሯጭ ባሕር ተሻግሮ አየሯን ፍለጋ የመጣባት። እዚያ ሰማዩ ክፍት ነው። ሰዓት ከሳተላይት ጋር ተገናኝቶ ርቀቱን ራሱ ይለካል፣ ማሽንም ብሉቱዝም አይፈልግም። ጣሪያ ስር ሲገቡ ግን ሳተላይቱ አይገኝም፤ ሰዓቱ የክንድ ውዝዋዜ እየቆጠረ በግምት ይሠራል። ስለዚህ የሱሉልታ ሣር ላይ አጥር በቆመ ቁጥር፣ መጋዘን በተሠራ ቁጥር፣ ሯጩን ከትክክለኛው መለኪያ ወደ ግምት እየገፋነው ነው። ፈረንጅ በዶላር የሚፈልገውን ሜዳ እኛ በካሬ እየቸበቸብን፣ ልጆቻችንን «ጂም ግቡ» እንላለን። በየትኛው ገንዘባቸው?

ሰበታን ደግሞ እንይ። የጅማ መንገድ የጭነት መኪና ወረፋ ነው፤ ፋብሪካው ያጨሳል። የፋብሪካ ሠራተኛ ወዳጄ የወር ክፍያ ከፍሎ ጂም ይገባል፤ መብራት ይሄዳል። ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ የሮጠው ከማሽኑ ላይ ይጠፋል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት እንደሚችል ሰምተን እልል ብለናል፤ ከደመወዛችን ቦንድ የገዛን እኛው ነንና ደስታውም የኛ ነው። ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ አይደለም ወይ?

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። «መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚይዘው።» የሚያስተዳድሩንም እንደዚያ ማሽን ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ማስተር ፕላን የሚባል መጣ፤ ስንት ደም ፈሶ ጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም «ሸገር ከተማ» ተብለን ክፍለ ከተማ ሆንን፤ በዚያው ዓመት ስንቱ ቤቱ ፈርሶበት ሜዳ ላይ ወደቀ። የኛን ልብ ማን ለካው? ሹማምንቱ ሰሌዳው ላይ 92 ያያሉ። 92 ግን የማን ነው? አዲስ አበባ መሀል በኮሪደር ልማቱ አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ማታ ማታ የሚንሸራሸረው ሰው ልብ ነው። መንገዱ ክፉ አይደለም፣ እኔም ሄጄበታለሁ። ግን የሱን የተረጋጋ ምት አንብበው «ሕዝቡ ገና አልደከመም፣ ጨምር!» እያሉ ቀበቶውን ከኛ እግር ስር ያፈጥኑታል። የኛ ሰዓት 141 ነው! እዩን!

የምንለው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ወደ አገር የሚገባ የስፖርት ማሽን የጋራውን ቋንቋ እንዲናገርና የተጠቃሚውን ሰዓት ከሌላው ለይቶ እንዲይዝ ደረጃ ይውጣለት። ሁለተኛ፣ በሦስቱም ከተሞች የቀረው ሜዳ ተቆጥሮ በስሙ ይመዝገብ፣ ለሕዝብ ይታወጅ። ሦስተኛ፣ የአምቦው፣ የጅማውና የጎጃሙ መንገድ ዳር ለእግረኛ ይሠራ፤ ሰው በእግሩ መሄድ ቅንጦት መሆኑ ይብቃ።

እስከዚያው ጂም ለምትገቡ ወገኖቼ ላካፍል። ሰዓታችሁ ምናሌ ውስጥ ገብታችሁ የልብ ምት ማሰራጫውን ራሳችሁ አብሩት፤ ብዙዎቹ ሳይነግሯቸው አያሰራጩም። ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥርና እጃችሁ ላይ ያለው ካልተቀራረበ በልብ ምት የሚመራውን ፕሮግራም በፍጹም እንዳትነኩት። ቀዩን ገመድ ልብሳችሁ ላይ እሰሩ። ማሽኑ የሚነግራችሁንም ፍጥነት ዝም ብላችሁ አትመኑ፤ ቀበቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጠርላችሁ። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀበቶ በደቂቃ 50 ጊዜ ከዞረ 150 ሜትር ነው፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሰሌዳው 12 ካለ ዋሽቷል።

ሰሌዳ ሲዋሽ ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የራስን እጅ ማየት። እኔ ያን ቀን እጄን ባላይ ኖሮ በሰው ልብ እየተለካሁ፣ በራሴ ልብ እሞት ነበር።

ቸር ይግጠመን!