የዛፍን ስም ለልጆች ስለ ማስተማር

ከመርጡለ ማርያም ልጃቸውን ለመጠየቅ መጥተው በጎረቤታችን ቤት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት አሉ። ባለፈው እሑድ እርሳቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘን ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄደን ነበር። ይህ ማዕከል በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ዳር፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ2002 ዓ.ም. ገደማ በኅብረት ያቋቋሙት ሲሆን፣ ስፋቱ ከ700 ሔክታር ይበልጣል። ከሥራውም አንዱ፣ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ምድር ላይ የአገራችን ዛፎች እንዲመለሱ ማድረግና ዘራቸውን መጠበቅ ነው።

ልጆቹ ከደጁ እንደ ገባን ያዩትን ዛፍ ሁሉ «ባሕር ዛፍ ነው» ይሉ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር ገብቶ በማገዶ እጦት የተቸገረችውን ከተማ ስለ ረዳ፣ የከተማ ልጅ ዐይን የለመደው እርሱን ነው። አያታቸው ግን ቅጠሉን በጣታቸው እያሹ፣ «ይህ ወይራ ነው፤ በጢሱ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ይህ ጽድ ነው፤ ለቤት ምሰሶ ይሆናል። ይህ ኮሶ ነው፤ አባቶቻችን ለሆድ ትል ይጠጡት ነበር» እያሉ አንድ በአንድ ይነግሯቸው ጀመር። ከወዴት እንደ ተማሩት ብንጠይቃቸው፣ «የእኔ ትምህርት ቤት የደብራችን ዐፀድ ነው» አሉን።

እውነት ነው። መርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በፈረንጅ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ያሠሩት ሕንፃ ፍራሽ ዛሬም የሚታይበት ጥንታዊ ደብር ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር፣ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ የአገሩ ዛፍ ተጠብቆ የቀረው በብዙ ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። እንግዲህ የጉለሌው ማዕከል አዲስ ቢሆንም ዐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ይህን የባልቴት ወሬ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር የእንዶድን ነገር ያስብ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነገሩን መረመሩ፤ እንዶዱም የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሥራ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ግን የእናቶች የልብስ ማጠቢያ ነበር።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ስትወስዱ አያቶቻቸውን አስከትሉ፤ ደብተርና እርሳስም አስይዟቸው። ነገር ግን ስሙን ማወቅ መድኃኒቱን መቅመስ አይደለምና፣ ኮሶን የመሰለው ሁሉ መጠኑ ሲያልፍ እንደሚጐዳ ንገሯቸው፤ የታመመም ወደ ሐኪም ይሂድ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ባልቴቷ ለልጆቹ፣ «ስሙን የማታውቁትን ዛፍ ሲቈርጡት አታዝኑለትም» አሏቸው። እኒህ እናት በቅርቡ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ የሚያውቁትም በመጽሐፍ አልተጻፈም። ትልቋ ልጅ ይህን የተረዳች ይመስለናል፤ በዚያው ማታ የሰማችውን ስም ሁሉ በደብተሯ ስትጽፍ፣ የረሳችውንም አያቷን ስትጠይቅ አይተናታልና።