ስልኩ ወይስ ጂፒኤሱ? ከመተማ ቆላ የሚነሳ ጥያቄ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጂፒኤስም አብሮ ይቋረጣል ብሎ የሚያምነው ሰው ብዛት ያስገርማል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ስለ መዘጋቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ባንክ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ዜና፣ ከዘመድ ጋር ስለ መጠያየቅ። ስለ መንገድ የተባለው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከገንዳ ውሃ ወደ ቋራ፣ ከኮኪት ወደ እርሻ ካምፖቹ ለሚወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ስልኩን ይከፍታል፤ ካርታው ባዶ ነው፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ብቻዋን መሐል ላይ ቁጭ ብላለች። ነጥቧ አልተሳሳተችም። ያለበትን ቦታ በትክክል ይዛለች፤ የምታሳይበት ካርታ ነው ያጣችው።

ጂፒኤስ እንደ ሬዲዮ ነው። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ፣ ስልኩ ይቀበላል፤ ስልኩ ወደ ላይ የሚልከው አንዳች ነገር የለም። ኔትወርክ የሚያግዘው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የካርታውን ሥዕል ማምጣት ነው። ሁለተኛው ሳተላይቶቹ አሁን የት እንዳሉ ለስልኩ ቀድሞ መንገር ነው። ያለ ኔትወርክ ስልኩ ይህንን መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ ቀስ እያለ ስለሚያወርድ፣ በሴኮንዶች ያገኘው የነበረውን ቦታ ለማግኘት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ትዕግሥት የሌለው ሰው «ጂፒኤሱም ተዘግቷል» ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ ትንሽ ቢጠብቅ ኖሮ ይመጣለት ነበር።

ስለዚህ «ለገጠር ጉዞ የእጅ ጂፒኤስ ይሻላል፣ ምክንያቱም ስልክ ያለ ኔትወርክ አይሠራም» የሚለው የተለመደ ክርክር መነሻው ስህተት ነው። «የእጅ ጂፒኤስ ይበልጥ ትክክል ነው» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። እስከ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 ድረስ አሜሪካ ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ነበር፤ ያ ቀረ። ዛሬ ተራ ስማርት ስልክ ገላጣ ሰማይ ሥር በ5 ሜትር ገደማ ልዩነት ቦታውን ይናገራል፤ ብዙዎቹም የሩሲያውን፣ የአውሮፓውንና የቻይናውን ሳተላይቶች ጭምር ይሰማሉ። የመተማ ቆላ ደግሞ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ገደልና ፎቅ የለበትም።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ሙቀቱ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የመተማ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው ካርታ የሚያሳይ ስልክ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ ሲብስበትም ራሱን ይዘጋል። ቀጥሎ ባትሪው። ጋርሚን ኢትሬክስ ኤስኢ የሚባለው ቀላል መሣሪያ በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ እስከ 168 ሰዓት እንደሚሠራ አምራቹ ይናገራል፤ የቀድሞው ኢትሬክስ 10 ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። (ይህ ቁጥር ጥሩ ድንጋይ ሲገባበት ነው። ከመንደር ሱቅ በተገዛ ርካሽ ድንጋይ ያን ያህል መጠበቅ የዋህነት ነው።) ስልክ ጂፒኤሱንና ስክሪኑን አብርቶ ከዋለ ማታ ላይ መደወያም አይሆንም። መንገድ ጠፍቶበት ስልኩም የሞተበት ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አጥቷል፤ አቅጣጫውንም፣ «እዚህ ነኝ» ብሎ የሚጣራበትንም። ሁለቱን ሥራ ለሁለት ዕቃ ማከፋፈል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር መኪና ይውጣል። በጋ ላይ የነበረው የትራክተር መንገድ በሐምሌ የለም፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የትኛውም ካርታ ይህንን አያውቅም። ጎግል ማፕስን ከመስመር ውጪ ለመጠቀም አስቀድሞ ያወረደ ሰውም የሚያገኘው የመኪና አቅጣጫ እንጂ የእግረኛ አቅጣጫ አይደለም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ይሻላሉ፤ በበጎ ፈቃደኞች በተሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ስለቆሙ አገሩን ሙሉ ጎንደር ከተማ ላይ አውርዶ መሄድ ይቻላል። ለሹፌር፣ ለነጋዴ፣ ዋናውን የጎንደር–መተማ መንገድ ለሚይዝ ሰው ይኸው ይበቃል። ለእሱ የእጅ ጂፒኤስ ግዛ ማለት ገንዘቡን ጣል ማለት ነው።

ከዋናው መንገድ ለሚወጣው ግን ጉዳዩ ይከብዳል፤ እዚህ አካባቢ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ጣጣ አለ። በሥራ ላይ ያሉት የቆዩ 1:50,000 የመሬት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቅየሳ መሠረት ነው፤ ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ ነው። ስልኮችና አዳዲስ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ መሠረት ነው። በሁለቱ መካከል የኮኦርዲኔቱ ቁጥር ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር በላይ፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ ይለያያል። ከወረቀት ካርታ ላይ የተነበበን ቁጥር እንዳለ ስልክ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያን ያህል ይስታል ማለት ነው። ጋርሚን ላይ አዲንዳንን ከዝርዝሩ መምረጥ ይቻላል፤ ጎግል ማፕስ ላይ አይቻልም።

ሌላው ዞን ነው። ቀያሾች የሚጠቀሙበት የዩቲኤም አቆጣጠር ዓለምን በቁመት ወደ ዞኖች ይከፍላል፤ የ36ኛውና የ37ኛው ዞን መለያ መስመር፣ 36ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ፣ የሚያልፈው ምዕራብ ጎንደርን ሰንጥቆ ነው። መተማ ዮሐንስ በጥቂቱ ምሥራቅ ሆና ዞን 37 ውስጥ ናት፤ ቋራ ውስጥ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ዞን 36 ውስጥ ነው። መስመሩን ሲሻገሩ ከ800 ሺህ በላይ የነበረው የምሥራቅ ቁጥር በአንዴ ወደ 170 ሺህ ቤት ይወርዳል። ዞኑን ሳይጽፍ ቁጥሩን ብቻ በማስታወሻ ደብተር ይዞ የተመለሰ ሠራተኛ፣ ቢሮ ሲገባ የአልጣሹን ነጥብ አፋር በረሃ ላይ ሊያገኘው ይችላል፤ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። መሣሪያው ምንም አላጠፋም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁጥርን በዲግሪ መመዝገብ። ይህንን የሚያሠለጥን ሰው ነው የጠፋው።

200 ሜትር ሌላ ወረዳ ላይ የአንድ ማሳ ጠብ ነው። ጠረፍ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል ውሉ ተፈረመ፤ በዓመቱ እንግሊዛዊው ሜጀር ጉዊን መስመሩን መሬት ላይ አሰመረ። ኢትዮጵያ፣ ተወካዮቿ በሌሉበት ተሠመረ እያለች ስትከራከር ኖራለች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ የሱዳን ጦር ወደ አል ፋሽቃ እርሻዎች ገባ። ይህ ሁሉ ታሪክ ስልኩ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ያቺን መስመር ማን አሰመራት? የካርታ ኩባንያ ወይም አንድ በጎ ፈቃደኛ። አንዱ መተግበሪያ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል። በእርሻ ወይም በከብት ምክንያት ጠረፍ የሚጠጋ ሰው «ስልኬ ኢትዮጵያ ውስጥ ነህ ይለኛል» ብሎ ቢከራከር የሚሰማው ታጣቂ የለም። እዚህ ላይ ከሁለቱም መሣሪያዎች የሚበልጠው የዚያን ቀን የትኛው ወንዝ ማዶ ማን እንዳለ የሚያውቅ የአካባቢው መንገድ መሪ ነው፤ መክፈልም ከተፈለገ መጀመሪያ ለእሱ ነው መከፈል ያለበት።

ፍተሻውም አለ። ስልክ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ስላለ አያስጠረጥርም፤ ከተከፈተ ግን የባለቤቱን ሕይወት ሙሉ ይዘረግፋል፤ ፎቶውን፣ መልእክቱን፣ የደወለለትን። የእጅ ጂፒኤስ በተቃራኒው ገና ሲታይ ጥያቄ ያስነሳል፤ በውስጡ ግን የሄዱበት መንገድ ብቻ ነው ያለው። እሱም ቢሆን ይናገራል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳይዙ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ጠረፍ መውረድ አይመከርም፤ እገታ በበዛበት መንገድ ላይ ደግሞ በየኬላው ረጅም ማብራሪያ መስጠት በራሱ አደጋ ነው።

እንግዲህ የእጅ ጂፒኤስ ለማን ያስፈልጋል? ቀኑን ሙሉ ከመንገድ ርቆ ለሚሠራ ቡድን። ካላዛርን ለመከታተል እርሻ ካምፖችን ለሚያዳርስ የጤና ባለሙያ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ለገቡትና ኩመርና አውላላ ለሰፈሩት ስደተኞች እርዳታ ሲያደርስ ለኖረ ሠራተኛ። ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው አልጣሽ ውስጥ ለሚዞር የፓርክ ጠባቂ። እዚያ አንበሳ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ወጥመድ ሲረጋገጥ ዓለም ተደንቆ ነበር፤ በየዛፉ የታሰረን ካሜራ ተመልሶ ማግኘት በግምት የሚሆን አይደለም። ለነዚህ ሰዎች በቡድን አንድ መሣሪያ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይና የአንድ ቀን ሥልጠና ቅንጦት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኢትሬክስ ኤስኢ ገበያ ላይ የወጣው በ150 ዶላር ገደማ ነው። ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር መኪና አሰማርቶ «በየራሳችሁ ስልክ ተጠቀሙ» የሚል መሥሪያ ቤት ቁጠባ ላይ አይደለም ያለው፤ ኃላፊነቱን ሠራተኛው ኪስ ውስጥ እየከተተ ነው።

በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን ከዚህ ክርክር ውጪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ አቅጣጫው የባለ እርሻው ስም፣ የጓንግ ወንዝ፣ የኔትወርክ ማማው ነው። «የእገሌ ካምፕ» የሚለው ስም የትኛውም መተግበሪያ ላይ የለም። በወባ ሲንቀጠቀጥ አምቡላንስ ቢጠራለት እንኳ ሹፌሩ በምን ስም ይፈልገው? የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ባለሀብቶቹ ካምፖቹን በስም ዘርዝረው፣ የእያንዳንዱን ኮኦርዲኔት በዲግሪ አስመዝግበው ለጤና ጣቢያዎቹ ቢሰጡ የአንድ ወር ሥራ አይፈጅም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም የቆላውን ካርታ በአዲሱ መሠረት አስተካክሎ በነፃ የሚወርድ ቢያደርገው፣ ኔትወርክ ሲዘጋ እንኳ ከስልክ ወደ ስልክ መሻገር ይችላል። ይህ ካልሆነ የሚመጣው አጨዳ ላይም አምቡላንሱ ኮኪት ደርሶ መንገደኛ እየጠየቀ ይቆማል።