አፈሩ ለጥናት፣ ጥናቱ ለመደርደሪያ

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2018 ያወጣው መግለጫ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በሰው ላይ እየተሞከሩ ያሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ከ97 ወደ 90 ወርደዋል፤ የእውነት አዲስ የሚባሉት 15 ብቻ ናቸው። በጥቅምት የወጣው ሌላ ሪፖርት ደግሞ በአፍሪካ በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ አምስት የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች አንዱ መድኃኒቱን የተላመደ መሆኑን ይገልጻል።

በእኛ ሀገር ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት አትግዙ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ያሉት መድኃኒቶች አቅም ሲያጡ አዲሱን ከየት እናመጣለን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሰኔ ዝናብ መሬቱን ሲነካ የሚያውደው ሽታ የዚያው የባክቴሪያ ቤተሰብ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለ ባክቴሪያ የሚፈለግበት አፈር እኛም አለን። በአዊ ዞን የጥሊሊና የአካባቢዋ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ ካላበላው አልሰጥ ይላል። እንዲህ ያለ መሬት የለመደ ባክቴሪያ ሌላው ዘንድ የሌለ ነገር ሊያመነጭ ይችላል። ነባሩ ደን ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ተወስኖ፣ ሌላው መሬት ለከሰል በሚተከል፣ ዲከረንስ በተባለ የግራር ዓይነት ሲሸፈን ቆይቷል። ጊዜ የለንም።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ይህን ባክቴሪያ የሚፈልግ ተማሪ አፈሩን ያደርቃል፣ በውኃ ያቀጥናል፣ በሳህን ላይ ያበቅላል። ኖራ የተነሰነሰበት የመሰለ ነጭ የባክቴሪያ ኮሎኒ ይወጣል፤ በዙሪያው ሌላ ባክቴሪያ የማይደርስበት ጥርት ያለ ክብ ሲታይ ክቡ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይመዘገባል። ጽሑፉ ተሟግቶ ይጸድቃል፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ባክቴሪያው የት ገባ? ያመነጨውን ነገር ለይቶ ምንነቱን የሚያጠና ማን ነው? የሚያስቆጣን ይህ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበት የተገኘ ሀብት ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ባለቤት የሌለው ሀብት የማን ሲሳይ እንደሚሆን ታሪክ ይነግረናል። በየፋርማሲያችን የሚሸጠው ኤሪትሮማይሲን እ.ኤ.አ. በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባሉ ፊሊፒናዊ ሐኪም ለኤሊ ሊሊ ኩባንያ ከላኩት አፈር የተገኘ ነው፤ ሐኪሙ ከሽያጩ ድርሻ ሳያገኙ አረፉ። እኛም በጤፍ ቀምሰነዋል። በ1997 ከኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል ለሀገር የረባ ነገር ሳያስገኝ ቀርቶ፣ በጤፍ ላይ የተመዘገበው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2011 ነው። የጄኔቲክ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ ተካፋይ መሆኑን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እጃችን ላይ አለ። ያልተመዘገበ ባክቴሪያን ግን በአዋጁ መጠበቅ ይከብዳል።

የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ረቂቅ ተህዋስያንን ሰብስቦ የማቆየት ሥራ መጀመሩን አንክድም። የጸጥታው ሁኔታም አፈር ፍለጋ በየገጠሩ ለመዞር የሚመች አለመሆኑን እናውቃለን። የተገኘውን ለማቆየት ግን ሰበብ አይኖርም። እንጅባራና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፣ ተማሪዎቻቸው የለዩት ባክቴሪያ በኢንስቲትዩቱ ተመዝግቦ መቀመጡ ሳይረጋገጥ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳያጸድቁ እንጠይቃለን። የትምህርት ሚኒስቴርም ይህን ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች መመሪያ አድርጎ ያውጣው።